ኢንተርኔት ሳይኖርም የሚሠራ ገጽ

«ይህ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያድራል፤ ምን እንደሚያይ አላህ ይወቀው!» ይህን ቅሬታ ከአንድ እናት ወይም ከአንድ አባት አፍ ያልሰማ ሰው ዛሬ ይኖራል ማለት ያዳግታል። ወረታም ይሁን ባሕር ዳር፣ ደሴም ይሁን አዲስ አበባ የወላጆች ስጋት አንድ ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ስልክ ጊዜ ይበላል፤ ገንዘብ ይበላል፤ አንዳንዴም ልጅን ከትምህርቱና ከቤተሰቡ ይነጥላል። ይሁን እንጂ ያው ስልክ ወጣቱ ሌሎች የሠሩትን ዝም ብሎ የሚመለከትበት ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ ሠርቶ ለሌሎች የሚያሳይበት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ቤተሰቦች ልብ አላሉትም።

ውድ አንባብያን! ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለዚሁ ነው። ድረ ገጽ መሥራት፣ ማለትም ሰዎች በስልካቸው ወይም በኮምፒዩተራቸው ከፍተው የሚያነቡትን ገጽ በገዛ እጅ ጽፎ ማስዋብ፣ ለጀማሪ የማይደፈር ሙያ አይደለም። ውድ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ የኮሌጅ ዲፕሎማም አይጠይቅም። ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ለመማር ኢንተርኔት እንኳ የግድ አለመሆኑ ነው። እንዴት ቢባል፣ እስቲ ከሥሩ እንነሣ።

ሩዝ እንግዳ ሳለ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ይደርሳል፤ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞችም ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞሉ ያጥለቀልቁታል።

ዛሬ ፎገራ ሲነሣ ሩዝ አብሮ ይነሣል። እንጀራው እንኳ ሩዝ ተደባልቆበት ይጋገራል። ነገር ግን ሩዝ ለፎገራ ከጥንት የወረሰችው እህል አይደለም። ወደ አካባቢው የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሞከረውም በጥቂት የገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ ነበር። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ለሩዝ ግን ተስማማው። ቀስ በቀስም ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆነ። በአካባቢው ባለ ቀበሌ ስም የተጠራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ለብዙ ዓመታት የገበሬው ምርጫ ሆኖ ቆየ፤ በከተማይቱም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። አዲስ ነገር መጀመሪያ እንግዳ ነው፤ በትንሽ ማሳ ሞክረው ያዩት ግን ይለምዱታል። ችግር መስሎ የሚታየውም ሁኔታ አንዳንዴ ለሥራው የሚያመች ሆኖ ይገኛል።

ኢንተርኔት በአገራችን ለተጠቃሚዎች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው ነገሩ ወሬ ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሞባይል ስልክ እስከ ገጠር ደረሰ። ይሁንና በመብራት መጥፋት፣ በካርድ ውድነትና በመሥመር መቋረጥ ምክንያት የሚታመኑበት ነገር ሳይሆን ቆየ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭት ሲቀሰቀስ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በዚያን ጊዜ ብዙ ወጣቶች «ኢንተርኔት እስኪመለስ» እያሉ ሁሉን ነገር አቆሙት። ድረ ገጽ መሥራት ለሚማር ሰው ግን ማቆም አያስፈልገውም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ገጽ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

ገጽ ማለት ምንድን ነው?

ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ የተመራማሪዎችን ጽሑፎች እርስ በርስ የሚያያይዝ ዘዴ ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993፣ ተቋሙ ይህን ዘዴ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ዛሬ ወረታ ውስጥ አንድ ወጣት ገጽ ሲሠራ ለማንም የፈጠራ ባለቤት አምስት ሳንቲም የማይከፍለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ገጹ ራሱ ተራ ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ መካከል «ይህ ርእስ ነው»፣ «ይህ አንቀጽ ነው»፣ «እዚህ ላይ ሥዕል አለ» የሚሉ ምልክቶች ይገባሉ። የምልክቶቹ ሥርዓት ኤችቲኤምኤል ይባላል። ጽሑፉን ከነምልክቶቹ አንብቦ ለዓይን በሚመች መልክ የሚያቀርበው ፕሮግራም ደግሞ ብራውዘር ነው፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ከታወቁት መካከል ናቸው። እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብራውዘር ፋይሉ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። ከአሜሪካም ይምጣ፣ በዚያው ስልክ ውስጥ የተቀመጠም ይሁን እኩል ያነበዋል። ስለዚህ ወጣቱ ፋይሉን ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ በብራውዘር ከፍቶ የሥራውን ውጤት ሲመለከት አንዲት ሳንቲም ካርድ አይቆጥርም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የተሠራው ገጽ ሌላ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ሲፈለግ ነው።

ኤችቲኤምኤል የቤት ምሰሶና ማገር ነው ብንል አናጋንንም። ቤቱ ግን በማገር ብቻ አይኖርበትም፤ ይመረጋል፣ ይለቀለቃል፣ ይዋባል። የገጹን ቀለም፣ የፊደሉን መጠን፣ የመሥመሩን ርቀት የሚወስነው ሌላው ሥርዓት ሲኤስኤስ ይባላል። ይህንንም በዚያው በሰርን ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆከን ዊዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐሳቡን አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 የመጀመሪያው ደረጃ ወጣለት። ጃቫስክሪፕት የሚባል ሦስተኛም አለ፤ እርሱ ገጹን የሚያንቀሳቅስ ነው። ጀማሪ ግን ወደዚያ አይቸኩል። ማገሩ ሳይቆም ስለ በሩ ማጠፊያ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ቀን

እንበልና ወረታ ውስጥ አባታቸው ሩዝ እየፈለፈሉ የሚሸጡ አንድ ወንድምና አንዲት እህት አሉ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ስልክና ከዘመድ የመጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ስለ ፎገራ ሩዝ የሚያስረዳ አንዲት ገጽ ለመሥራት አሰቡ። እናታቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ኢንተርኔት የለም እያላችሁ ምኑ ላይ ልትጽፉ ነው?» ይላሉ። ልጅቱም፣ «እማዬ፣ ደብተር ላይ እንደመጻፍ ቁጠሪው፤ ለሰው የምናሳየው ኋላ ነው» ትላለች። መልሷ ትክክል ነው።

በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ኖትፓድ የተባለ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፍታሉ። ስልክ ብቻ ያለውም ነጻ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ከጓደኛው ስልክ ወደራሱ ማስተላለፍ ይችላል። ትእዛዞቹ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ እዚህ የምንጽፈው አነባበባቸውን ነው። ትእዛዙ በማዕዘን ቅንፍ ይከበባል። ትእዛዙ የሚመለከተው ጽሑፍ ሲያበቃም ያው ትእዛዝ እንደገና ይጻፋል፤ ልዩነቱ በቅንፉ ውስጥ ከፊቱ አንድ እዝባር መጨመሩ ነው። ይህም «እዚህ ላይ አለቀ» ማለት ነው። የተከፈተ በር ይዘጋል እንደማለት ነው።

ለመጀመሪያው ቀን ጥቂት ትእዛዞች ይበቃሉ። «ኤች 1» ትልቁን ርእስ ያመለክታል፤ እስከ «ኤች 6» ድረስ እያነሰ የሚሄድ ንኡስ ርእስ አለ። «ፒ» አንቀጽ ነው። «ኦኤል» በተራ ቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ሲሆን፣ በውስጡ እያንዳንዱ ነጥብ በ«ኤልአይ» ይጻፋል። «አይኤምጂ» ሥዕል ያስገባል። «ኤ» ደግሞ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ የሚያሻግር ነው። ወንድምና እህቱ በ«ኤች 1» «የፎገራ ሩዝ» ብለው ርእስ ሰጡ። ሩዝ እንዴት ወደ አካባቢው እንደገባ በሁለት «ፒ» ጻፉ። ሩዝን ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ ለመጋገር የሚደረገውንም ከእናታቸው ጠይቀው በዝርዝር አሰፈሩ። ፋይሉን ሲያስቀምጡ በስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብና ኤችቲኤምኤል የሚለውን ቃል ጨመሩ። ከዚያም በብራውዘር ከፈቱት። ርእሱ ጎልቶ፣ ዝርዝሩ በተራ ቁጥር ተሰድሮ ታየ። ይህ ሁሉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ የበለጠ አይፈጅም።

ከሚታየው ጽሑፍ በላይ «ሔድ» የሚባል፣ ለብራውዘሩ ብቻ የሚነገር ክፍል አለ። በዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። አንደኛው የገጹ ስም ነው። ሁለተኛው ፊደሉ በምን ሥርዓት እንደተጻፈ የሚገልጸው ነው። ሦስተኛው «ቪውፖርት» የሚባለው ሲሆን፣ ገጹን ከስልኩ ስፋት ጋር እንዲመጣጠን ያደርገዋል። ይህ ሦስተኛው ከተረሳ በኮምፒዩተር ላይ ያማረው ገጽ በስልክ ሲከፈት ጉንዳን የሚያህል ፊደል ይሆናል። አብዛኛው አንባቢያችን በስልክ የሚያነብ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ፊደላችን ቁጥር ሲያገኝ

ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም የፊደሉ ሥርዓት፣ የራሱ ታሪክ አለው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ብዙ የአገራችን ባለሙያዎች ደክመዋል። ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ስማቸው ከሚነሣው ቀደምት መካከል ናቸው። ነገር ግን ለግእዝ ፊደል ዓለም የተስማማበት ቁጥር ስላልነበረ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው በላያቸው ላይ የአማርኛውን ቅርጽ ይጭኑበት ነበር። አንዱ ቢሮ የጻፈው ደብዳቤ ያንኑ ፕሮግራም ባልያዘ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆን የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያስታውሰዋል።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት በ3ኛው እትሙ የግእዝን ፊደል አካተተ። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተመደበ። «ሀ» 4608 ሆነ፤ «ሁ» 4609፤ እንዲህ እያለ ይሄድና «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። ዛሬ ወረታ የተጻፈ «ሀ» ጅዳም ላይ «ሀ» ነው፤ ዋሽንግተንም ላይ «ሀ» ነው።

ለጀማሪው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፋይሉ ሲቀመጥ «ዩቲኤፍ 8» የሚለው ይመረጥ፤ በ«ሔድ» ውስጥም ይኸው ይገለጽ። አዲሶቹ ኖትፓዶች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የነበሩት ግን «አንሲ» በሚባለው ዘዴ ስለሚያስቀምጡ የደከማችሁበት አማርኛ በማግሥቱ ሲከፈት የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቆያችኋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ይህን ከሥራው በፊት አረጋግጡ።

ማስዋብም ሥርዓት አለው

ጀማሪ ማስዋብ ሲጀምር ቀለም ያበዛል። ቀይ በአረንጓዴ ላይ፣ ቢጫ በነጭ ላይ ያደርጋል። ገጹ የሠርግ ዳስ ይመስላል፤ የሚያነበው ግን የለም። ጥሩ ገጽ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ፊደል በነጣ መደብ ላይ፣ ለርእሱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀለም ቢኖረው ይበቃዋል።

የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። ከእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደላት ይልቅ ቁመቱ ከፍ ያለና ዝርዝሩ የበዛ ነው። «ጨ»ና «ጬ»፣ «ቀ»ና «ቄ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው መጠን ለአማርኛ ያንሳል። የመሥመሩን ርቀት የሚወስነው «ላይን ሃይት» ከፊደሉ መጠን 1.6 ወይም 1.8 እጥፍ ቢሆን ዓይን ያርፋል። ጽሑፍን ወደ ጎን ማዝመም የላቲን ፊደል ልማድ ነው፤ ግእዝን ግን ያበላሸዋል። ትኩረት የሚሻውን ቃል በመጠን፣ በቀለም ወይም በትምህርተ ጥቅስ መለየት ይሻላል። ለፊደል ቅርጽ ኒያላ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። በሲኤስኤስ ውስጥ ሁለት ሦስቱን በቅደም ተከተል ብትጠሩ አንዱ በአንባቢው ስልክ ላይ ባይገኝ ሌላው ይተካዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምር። ዝርዝርን የሚመለከተው «ሊስት ስታይል ታይፕ» የሚባለው ትእዛዝ «ኢትዮፒክ ኑመሪክ» የሚል ዋጋ ሲሰጠው የእንጀራው አሠራር በ1፣ 2፣ 3 ፈንታ በ፩፣ በ፪፣ በ፫ ተቆጥሮ ይመጣል። የአገራችን አኀዝ በብራውዘሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ገጽ

ብዙዎቹ ወጣቶቻችን በገጻቸው ላይ ከአማርኛው ጎን ዐረብኛ ማስገባት ይፈልጋሉ። ያለ ጥንቃቄ ሲገባ ግን ዐረብኛው ከግራ ይጀምራል፤ ነጥቡና ቅንፉም ያለ ቦታው ይገኛል። መድኃኒቱ ዐረብኛውን በራሱ አንቀጽ አድርጎ ሁለት ነገር መንገር ነው። «ላንግ» በሚለው ቋንቋውን ትገልጻላችሁ፤ ለዐረብኛ «ኤአር»፣ ለአማርኛ «ኤኤም» ነው። «ዲር» በሚለው ደግሞ አቅጣጫውን ትገልጻላችሁ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚሄደው «አርቲኤል» ይባላል።

ቋንቋና አቅጣጫ ለምን ለየብቻ ይነገራሉ ቢባል፣ ከእኛው ታሪክ የተሻለ መልስ አይገኝም። የወሎ ዑለማዎች የአማርኛ መንዙማቸውን ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። ያን ጽሑፍ ዛሬ ወደ ገጽ ብናመጣው ቋንቋው አማርኛ፣ አቅጣጫው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሥርዓት ይህን ሊያስተናግድ አይችልም ነበር።

ጥቃቅን ስሕተቶች

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጡት ትልልቅ ነገሮች አይደሉም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። በሲኤስኤስ ውስጥ ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ የእንግሊዝኛው «:»፣ በመጨረሻውም «;» ይገባል። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ ሳያስቡት «፡» ወይም «፤» ከተጻፈ ለዓይን ያው ይመስላል፤ ለብራውዘሩ ግን ባዕድ ነገር ነው። ብራውዘሩ ደግሞ አይናገርም፤ ያልገባውን ትእዛዝ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ልጁም «ቀለሙ ለምን እምቢ አለ?» እያለ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሲኤስኤስ እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ተመልከቱ።

ሌላው የፋይል ስም ነው። ስሙ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፍ። በትልቅ ፊደል የተጀመረውን ሥዕል በትንሽ ፊደል ብትጠሩት ቤታችሁ ያለው የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ያልፈዋል፤ ገጹ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ግን ሥዕሉ ይጠፋል። የረሳችሁት መዝጊያ ትእዛዝም ሌላው ምክንያት ነው። ርእሱን ከፍቶ ያልዘጋ ሰው ገጹ በሙሉ ርእስ ይሆንበታል። በስልክ የምትሠሩ ደግሞ የሲኤስኤሱን ትእዛዝ ለብቻው ፋይል ከማድረግ ይልቅ በ«ሔድ» ውስጥ «ስታይል» በሚባለው ትእዛዝ ብታኖሩት ይቀላችኋል።

አንባቢው በካርድ እንደሚያነብ አይዘንጋ

ፎቶግራፍ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከስልክ እንደወጣ የተለጠፈ አንድ የ3 ሜጋባይት ፎቶግራፍ የአንድ ሚሊዮን የአማርኛ ፊደላት ያህል ቦታ ይይዛል። የሩዝ ማሳውን ለማየት ገጹን የከፈተ ሰው የካርዱን ገንዘብ ለአንድ ሥዕል አወጣ ማለት ነው። ሥዕሉ ወደ 150 ወይም 200 ኪሎ ባይት ቢቀነስ በስልክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ሥዕሉ ባይከፈት ምን እንደነበረ የሚናገር አጭር ጽሑፍም «ኦልት» በሚባለው ቦታ ይጨመርበት፤ ይህ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው መሣሪያ የሚጠቀምበት ነው።

ገጹን ለዓለም ማሳየት በተፈለገ ጊዜ ጊትሀብ ፔጅስን የመሰሉ ተራ ገጾችን በነጻ የሚያስተናግዱ አገልግሎቶች አሉ። ለዚህ አንድ ቀን የሚሆን ካርድ ይበቃል። መሥመር በተገኘ ዕለትም ለትምህርት የሚረዳውን ማውረድ ይቻላል። ደብልዩ ስሪ ስኩልስና ፍሪ ኮድ ካምፕ በነጻ ያስተምራሉ። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፒዲያንና ሌሎች ጽሑፎችን አንዴ ካወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። አንዱ ያወረደውን ለአሥር ጓደኞቹ በሚሞሪ ካርድ ያካፍላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ ይፋ ያደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ የሚሰጥ ነበር፤ ይሁንና በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ መሥመር ለማያገኝ ወጣት ከሩቅ የሚያዩት ነገር ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ላለው ወጣት ከላይ የገለጽነው መንገድ ጥሩ መነሻ ነው። መሥመሩ በተገኘ ጊዜ ከባዶ አይጀምርም።

ለወላጆችና ለልጆች

ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን እንናገር። ገጽ መሥራት የተማረ ልጅ በወሩ ደመወዝተኛ አይሆንም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ፕሮግራም ሲጠየቅ ገጹን ራሱ ይጽፋል። ታዲያ መማሩ ለምን ያስፈልጋል? ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ ስሕተቱን የሚያርመው የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ማሽኑ የእናትን የእንጀራ አሠራር አያውቀውም፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ የትኛው ማሳ እንደሚዋጥም አያውቅም። ይህን የሚያውቁት የፎገራ ልጆች ናቸው። እነርሱ ካልጻፉት ሌላው በግምት ይጽፍላቸዋል፤ ልጆቻቸውም ስለ አገራቸው ከሌላ ሰው ያነባሉ።

ለሕዝብ የሚወጣ ቃል አማና መሆኑንም ልጆች ከመጀመሪያው ይረዱ። ያልተረጋገጠ ነገር አይጻፍ። የሌላ ሰው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አይወሰድ። የእናት፣ የእህት ወይም የጎረቤት ሥዕል ሳይጠየቁ አይለጠፍ፤ የቤት ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። አንዴ የወጣን ነገር ከኢንተርኔት መልሶ መሰብሰብ የፈሰሰ ውሃ እንደ ማፈስ ነው።

ወላጆች ደግሞ ሙያውን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ጠይቁ እንጂ። «ዛሬ ምን አየህ?» ከማለት «ዛሬ ምን ሠራሽ? እስቲ አሳዪኝ» ማለት የልጅን ልብ ይከፍታል። ዕድሉም ለወንዱ ልጅ ብቻ አይሁን። ስልኩ አንድ ከሆነ ጊዜው ይከፈል፤ ልጅቱም ከቤት ሥራዋ በኋላ የራሷ ሰዓት ይኑራት።

ወደዚያች ቤት እንመለስ። ወንድምና እህቱ ገጹን ጨርሰው ለእናታቸው በስልክ ከፍተው ሰጧቸው። እናትየው ሩዝና ጤፍ እንዴት እንደሚደባለቅ የተጻፈውን አነበቡና፣ «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል፤ ውሃው አልበዛም» አሉ። ልጆቹ ፋይሉን ከፈቱ፤ አንዲት ቃል ለወጡ፤ አስቀመጡና እንደገና አሳዩአቸው። በቤቱ ኢንተርኔት አልነበረም። ገጹ ግን ታርሟል፤ እናትም የልጆቻቸውን ሥራ አውቀዋል።

እናንተስ? ዛሬ ማታ አንዲት «ኤች 1» ጽፋችሁ የሰፈራችሁን ስም ስጧት። ቀሪው ኢንሻአላህ ቀስ በቀስ ይመጣል።

ወሰላሙ ዓለይኩም።